ወገብ ሲያም መተኛት ለምን አይበጅም?

ወገቡን የታመመ ሰው ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር ተመሳሳይ ነው፤ ተኛ፣ ዕቃ አታንሳ፣ አትጎንበስ፣ ራስህን ጠብቅ። ምክሩ ከቅን ልብ የመነጨ ነው። ሐኪሞችም ቢሆኑ ለረጅም ዘመን ይህንኑ ሲያዝዙ ኖረዋል። ያለፉት አርባ ዓመታት ምርምር ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል፤ አብዛኛው የወገብ ሕመም የሚሻለው ሰውነትን በልክ በማንቀሳቀስ ነው፣ ረጅም እረፍት ደግሞ ያራዝመዋል። ችግሩ «ተንቀሳቀስ» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ለታማሚው የሚነግረው ነገር አለመኖሩ ነው። ምን ዓይነት እንቅስቃሴ? ምን ያህል? እያመመኝ ነው ወይስ ከተሻለኝ በኋላ? መልስ ያጣ ሰው ወይ ወደ አልጋው ይመለሳል፣ ወይ በአንድ ቀን ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ሕመሙን ያባብሰዋል።

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ጀርባ ሕመም ነበረባቸው፤ በ2050 ቁጥሩ 843 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። ሰውን ከዕለት ተዕለት ተግባሩ በማስተጓጎል ከሕመሞች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። ከታማሚዎቹ 90 በመቶ ያህሉ ደግሞ ሐኪም «ምክንያቱ ይህ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት የሚያሳየው ስብራት፣ ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ የለባቸውም። ሕመማቸው እውነተኛ ነው፤ ተለይቶ የሚጠገን አንድ የተበላሸ ቦታ ግን አይገኝም።

የአልጋ እረፍት እምነት በግልጽ መናወጥ የጀመረው በ1986 ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ሪቻርድ ዴዮና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ወገባቸውን ከታመሙ ሰዎች ከፊሎቹ 2 ቀን፣ ከፊሎቹ 7 ቀን እንዲተኙ ታዘዘ። 2 ቀን የታዘዘላቸው ሰዎች ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት በ45 በመቶ ያነሱ ሆነው ተገኙ፤ ሳምንት ሙሉ እንዲተኙ የታዘዙት በማገገም በኩል ያገኙት ብልጫ አልነበረም። በ1995 ደግሞ በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ፣ በከተማዋ አስተዳደር ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ሦስት ቡድኖችን አነጻጸረ፤ 2 ቀን የተኙ፣ የጀርባ እንቅስቃሴ የታዘዘላቸውና ሕመሙ በፈቀደላቸው መጠን የተለመደ ኑሯቸውን የቀጠሉ። ከሁሉም የተሻለ ያገገሙት የተለመደ ኑሯቸውን የቀጠሉት ናቸው። የተኙት የመጨረሻ ሆኑ።

ከዚህ የሄልሲንኪ ውጤት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ወገብ ድንገት በተያዘባቸው የመጀመሪያ ቀናት የታዘዘ ልዩ እንቅስቃሴም ቢሆን ከተለመደው ውሎ አልበለጠም። በነዚያ ቀናት የሚበጀው ቤት ውስጥ መዘዋወር፣ አጭር መንገድ መሄድ፣ አቀማመጥን ቶሎ ቶሎ መቀያየር ነው። ጡንቻን የማጠንከር ሥራ ሕመሙ ሲበርድ ይጀመራል፤ ዋና ጥቅሙም የሚታየው ሕመሙ ከሦስት ወር በላይ በቆየባቸውና እየተመላለሰ በሚያስቸግራቸው ሰዎች ላይ ነው።

ታማሚውን ከእንቅስቃሴ የሚያርቀው ግን ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ ፍርሃት አለ። ፍርሃቱን ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ የኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳይ ምስል) ውጤት ነው። «ዲስክህ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል አካል) ተንሸራቷል»፣ «አከርካሪህ አልቋል» የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ ጎንበስ ለማለት ይሰጋል። በ2015 የታተመ ሰፊ ግምገማ ምንም ሕመም የሌላቸውን 3,110 ሰዎች ምስሎች ሰብስቦ ሲመረምር፣ በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት 37 በመቶ የሚሆኑት፣ በ80 ዓመት ላይ ካሉት ደግሞ 96 በመቶ የሚሆኑት የዲስክ መዳከም ታይቶባቸዋል። የዲስክ ማበጥም እንዲሁ በ20 ዓመት 30 በመቶ፣ በ80 ዓመት 84 በመቶ ነበር። እነዚህ ሁሉ ወገባቸውን የማያማቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በምስሉ ላይ የታየው ለውጥ የሕመሙ ምንጭ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የተለመደ ለውጥ ነው። ውጤቱን ለታማሚ ሲነግሩ ይህንን አለመጨመር፣ በእኔ እምነት፣ ትልቅ ጉዳት ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር የተዘራ ፍርሃት ሰውን ለዓመታት ከመንቀሳቀስ ሊያግደው ይችላልና።

አሁን ወደ ጡንቻዎቹ እንምጣ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። አከርካሪ ብቻውን የቆመ ምሰሶ አይደለም። ከፊት የሆድ ጡንቻዎች፣ ከላይ ድያፍራም የሚባለው ዋናው የትንፋሽ ጡንቻ፣ ከታች የዳሌ ወለል፣ ከኋላ ደግሞ የጀርባ ጡንቻዎች ዙሪያውን ይይዙታል። ከኋለኞቹ መካከል በአከርካሪው ግራና ቀኝ ተጣብቀው ከአጥንት ወደ አጥንት የሚሄዱ፣ መልቲፊደስ የሚባሉ አጫጭርና ጥልቅ ጡንቻዎች አሉ። እያንዳንዱን የአከርካሪ አጥንት በቦታው አረጋግተው የሚይዙት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። በ1996 በአውስትራሊያ የታተመ የጁሊ ሃይድስና የባልደረቦቿ ጥናት አስገራሚ ነገር አሳይቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ወገባቸውን የታመሙ ሰዎች ሕመሙ ለአብዛኞቹ በ4 ሳምንት ውስጥ ቢለቃቸውም የመነመነው መልቲፊደስ በራሱ ጊዜ ወደ ቀድሞው መጠኑ አልተመለሰም። የተመለሰው ለይተው ላሠሩት ብቻ ነው። እነዚሁ ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ሕመሙ የተመለሰባቸው ካሠሩት 30 በመቶ፣ ካላሠሩት 84 በመቶ ነበሩ። የተጠኑት 39 ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ቁጥሩን በቁሙ መውሰድ አይገባም። ሆኖም ትምህርቱ ከባድ ነው፤ ሕመሙ ጠፋ ማለት ወገቡ ወደ ብርታቱ ተመለሰ ማለት አይደለም።

ጥልቆቹ ሲዳከሙ የላይኞቹ ረጃጅም ጡንቻዎች ያለ ልክ ይሠራሉ። ጤነኛ ሰው ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ሲያጎነብስ የጀርባው ጡንቻዎች የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ መጨረሻው ላይ ጸጥ ይላል፤ ሸክሙን ጅማቶች ይረከቡታል። ተመራማሪዎች ይህን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያውቁታል። ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ በታመሙ ብዙ ሰዎች ላይ ግን ይህ ጸጥታ አይመጣም። ጎንበስ ብለውም ጡንቻው እንደተወጠረ ይቆያል። መነሻው ጥበቃ ነው፤ ሰውነት የተጎዳ ቦታን ለማዳን ያጠነክረዋል። አደጋው ካለፈ በኋላ ግን ዘቡ ከቦታው አልወርድ ይላል፤ ቀን ከሌት የተወጠረ ጡንቻ ደግሞ ይደክማል፣ ራሱ የሕመም ምንጭ ይሆናል። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና «ልጎዳ ነው» የሚል ስጋት ውጥረቱን ይጨምሩታል።

እንግዲህ የሚያም ወገብ በአንድ ጊዜ ደካማም ውጥርም ነው። አንዱን ብቻ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይሳካላቸው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥርሱን ነክሶ፣ ትንፋሹን ይዞ ሆዱን የሚያጠነክር ሰው ያንኑ ውጥረት ሲለማመድ ይውላል። መታሸትና መጋደምን ብቻ የሚያዘወትር ደግሞ ለጥቂት ሰዓት እፎይ ይልና ዕቃ ባነሳ ጊዜ ወደነበረበት ይመለሳል። ማላላትና ማጠንከር አብረው፣ በዚህ ቅደም ተከተል፣ ሲሠሩ ነው የሚረዱት። መጀመሪያ ዘቡ ይውረድ፤ ከዚያ ጥልቁ ጡንቻ ይሠራ።

ከመጀመር በፊት ግን የማይታለፍ ጥንቃቄ አለ። ሽንት መቆጣጠር ወይም መሽናት አለመቻል፣ ሰገራ ማምለጥ፣ በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ መደንዘዝ፣ የሁለቱም እግሮች መስነፍ ከወገብ ሕመም ጋር ከመጡ ጉዳዩ የሰዓታት ነው፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ፣ ቀድሞ ካንሰር ታሞ መዳን፣ መውደቅ ወይም አደጋ፣ የአጥንት መሳሳት፣ በእረፍትም በሌሊትም ፋታ የማይሰጥ ሕመም፣ እየባሰ የሚሄድ የአንድ እግር ድካም ያለበት ሰውም እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት በሐኪም መታየት አለበት።

የማላላቱ ሥራ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ወለል ላይ ምንጣፍ ያንጥፉና በጀርባዎ ይጋደሙ፤ ዳሌዎና ጉልበትዎ ዘጠና ዲግሪ ያህል እንዲታጠፉ ባቶችዎን ወንበር ላይ ያሳርፉ። በዚህ አኳኋን ወገብ የሚሸከመው ጫና ስለሚቀንስ ብዙዎች በደቂቃዎች ውስጥ ቅለት ይሰማቸዋል። አንድ እጅዎን ሆድዎ ላይ ያድርጉ። አየር በአፍንጫ ሲያስገቡ እጅዎ ከፍ ይበል፤ ደረትና ትከሻ ግን ብዙም አይነሱ። አራት እስኪቆጥሩ ያስገቡ፣ ስድስት እስኪቆጥሩ ያስወጡ። የመውጫው ትንፋሽ መርዘሙ ዋናው ነገር ነው፤ ልብን የሚያረጋጋውን የነርቭ ሥርዓት ያነቃል። ድያፍራም ራሱ በጅማቶቹ ከወገብ አጥንቶች ፊት ለፊት የተያያዘ ስለሆነ የትንፋሹ ዝግታ ለወገቡ ሩቅ አይደለም።

ከአምስት ደቂቃ ትንፋሽ በኋላ የሚቀጥለው አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ያዳበረው ዘዴ ነው፤ ጡንቻን አውቆ መወጠርና አውቆ መልቀቅ። መቀመጫዎን ለአምስት ሰከንድ ያህል በመጠኑ ያጥብቁ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይልቀቁትና ለአሥራ አምስት ሰከንድ ልዩነቱን ብቻ ያስተውሉ። ታፋን፣ ሆድን፣ ትከሻን፣ መንጋጋን በየተራ እንዲሁ። መንጋጋን አትርሱ፤ ወገቡ የተወጠረ ሰው ብዙ ጊዜ ጥርሱንም ነክሶ ይገኛል። የዘዴው ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ለወራት የተወጠረ ጡንቻ ያለው ሰው ውጥረቱን ስለለመደው አያውቀውም፤ አውቆ ሲያጠብቀውና ሲለቀው ግን «ልል» ማለት ምን እንደሚመስል ሰውነቱ እንደገና ይማራል። ይህ የተማረ ልቀት በኋላ ወረፋ ሲጠብቅ፣ መኪና ሲነዳ፣ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ሊጠራው የሚችለው ይሆናል።

ወደ ማጠንከሩ ሲገባ በጣም ቀላሉን መናቅ አይገባም። በጀርባዎ ተጋድመው፣ ጉልበትዎን አጥፈው፣ እግርዎን ወለሉ ላይ አኑረው ወገብዎን ቀስ ብለው ወደ ወለሉ ይጫኑ፤ ከዚያ ይመልሱት። እንቅስቃሴው ትንሽ ነው፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ምንም የሚሠሩ አይመስሉም። ለፈራ ወገብ ግን «መታጠፍ አደጋ የለውም» የሚለው የመጀመሪያ ማስረጃ ነው። አሥር ጊዜ ያህል ከሠሩ በኋላ ከዚያው ሳይነሱ ተረከዝዎን ወደ መቀመጫዎ ቀረብ አድርገው፣ ትንፋሽ እያስወጡ ዳሌዎን ከወለሉ ያንሡ፤ ከጉልበት እስከ ትከሻ ቀጥ ያለ መስመር ሲሆን ያቁሙ። ሥራው መሰማት ያለበት መቀመጫዎ ላይ ነው። ወገብዎ ላይ ከተሰማዎት ከልክ በላይ ከፍ ብለዋል፤ ዝቅ ያድርጉት። የታፋ ጀርባ ከተኮማተረብዎት ተረከዝዎ ርቋል፤ ወደ ራስዎ ይሳቡት። አምስት ሰከንድ ይዘው ቀስ ብለው ይውረዱ።

ሌላው በካናዳ በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን የሠራው የአከርካሪ ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊል ከሚታወቅባቸው እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው። በእጅና በጉልበት ይንበርከኩ፤ ቀኝ እግርዎን ወደ ኋላ፣ ግራ እጅዎን ወደ ፊት ይዘርጉ። ከፍታው ዋጋ የለውም፤ እግሩ ከወለሉ ጥቂት ብቻ ቢነሳም ይበቃል። መጠበቅ ያለበት ዳሌ ወደ አንድ ጎን አለመዘንበሉ ነው። ወገብዎ ላይ መጽሐፍ አስቀምጠው መሞከር ይችላሉ፤ ከወደቀ እግሩን በጣም አንስተዋል ማለት ነው። አሥር ሰከንድ ያህል ይዞ መልቀቅና መደጋገም ለረጅም ጊዜ ከመያዝ ይመረጣል፤ እዚህ የሚፈለገው ጉልበት ሳይሆን ሳይደክሙ መጽናት ነውና። ማክጊል ጎንን ለማጠንከር የሚጠቀምበት በክርንና በጉልበት ተደግፎ በጎን ዳሌን ማንሣትም ለጀማሪ ይቻላል፤ ትከሻውን የሚያመው ሰው ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ቢሠራው ይሻለዋል። ከወንበር ያለ እጅ እርዳታ ተነስቶ በዝግታ መቀመጥም ከዚሁ ተርታ ነው። ታፋና መቀመጫ ሲበረቱ ዕቃ ለማንሣት ወገብ ብቻውን አይለፋም።

በሁሉም ላይ አንድ ሕግ ይሠራል፤ ትንፋሽ አይያዝ። በከባዱ ክፍል ላይ ትንፋሽ ይውጣ። ትንፋሽ እንደተያዘ የታወቀ ጊዜ እንቅስቃሴው ከአቅም በላይ ሆኗል።

ሰዓቱም ቢሆን ለውጥ አለው። ሌሊት ተጋድመን ስናድር ዲስኮች ውኃ ይመጥጣሉ፤ ጠዋት ላይ ቁመታችን ከማታው በአንድ ሴንቲሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይረዝማል። ያበጠ ዲስክ ሲታጠፍ የሚደርስበት ጫና ይጨምራል፤ ስለዚህ ወገቡን የሚያመው ሰው ከእንቅልፉ በተነሳ በመጀመሪያው ሰዓት በጥልቀት ባያጎነብስ፣ እንቅስቃሴውንም ወደ ረፋድ ወይም ወደ ማታ ቢያዞረው ይመረጣል።

ምን ያህል ሕመም ይፈቀዳል? ፊዚዮቴራፒስቶች (በእንቅስቃሴ የሚያክሙ ባለሙያዎች) የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ። ሕመምን ከ0 እስከ 10 በመስጠት፣ በሥራው ጊዜ እስከ 3 ወይም 4 መድረሱ ይታገሡታል፤ ዋናው በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት መመለሱ ነው። ከተመለሰ መጠኑ ልክ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ድግግሞሽ መጨመር ይቻላል። በማግስቱ ከባሰ እንቅስቃሴው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ መጠኑ በዝቷል፣ ይቀነስ። ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ካለ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ይታይ፤ ከባት ወደ ታፋ፣ ከታፋ ወደ ወገብ እየተሰበሰበ ከመጣ ጥሩ ምልክት ነው፤ ወደ ታች ከዘለቀ ያ እንቅስቃሴ ለጊዜው ይቅር። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በደህና ቀኑ ነው። ሕመሙ ቀለል ሲለው የሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን ይጨርሳል፣ ለሦስት ቀን ይወድቃል፣ «እንቅስቃሴ ጎዳኝ» ብሎ ይደመድማል። ደህናም ሆነ ክፉ ቀን የሥራው መጠን ተቀራራቢ ቢሆን ሰውነት እምነት ያገኛል።

ዮጋ ይሻላል ወይስ ፒላቴስ የሚባለው ሆድና ጀርባን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ? የትኛው አሠልጣኝ? በዚህ ላይ የሚደረገው ክርክር ከሚገባው በላይ የበዛ ይመስለኛል። በ2011 በአሜሪካ 228 ሰዎችን የያዘ ጥናት ዮጋን ከተራ የማሳሳብ እንቅስቃሴ ጋር ሲያነጻጽር ሁለቱም ራስን ስለመርዳት ከተሰጠ መጽሐፍ በልጠዋል፣ እርስ በርሳቸው ግን አልተበላለጡም። በ2021 የታተመውና 249 ጥናቶችን የመረመረው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ እንቅስቃሴ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመምን ከ0 እስከ 100 በሚሰጥ መለኪያ በ15 ያህል እንደሚቀንስ አግኝቷል። ይህ ተአምር አይደለም። ማታ መተኛት ላልቻለ ሰው ግን ትንሽም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 መጨረሻ ሥር ስለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያም ትምህርትና እንቅስቃሴ ከተመከሩት መካከል ናቸው፤ የወገብ ቀበቶ፣ መጎተቻ መሣሪያና እንደ ሞርፊን ያሉ የኦፒዮይድ ማስታገሻዎች ደግሞ እንደ መደበኛ ሕክምና እንዳይሰጡ ተመክሯል።

ከሁሉም የሚረሳው ደግሞ ተራው የእግር ጉዞ ነው። በ2024 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት በቅርቡ ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ግማሾቹን በፊዚዮቴራፒስት እየታገዙ ደረጃ በደረጃ እንዲራመዱ አደረገ፤ ግቡ በስድስት ወር ውስጥ በሳምንት አምስት ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ መድረስ ነበር። ሕመሙ እስኪመለስ ድረስ ያለው መካከለኛ ጊዜ ባልተራመዱት 112 ቀን፣ በተራመዱት 208 ቀን ሆነ። ጫማ ከማድረግ በቀር ምንም የማይጠይቅ ነገር ሁለት እጥፍ ሊሞላ የቀረበ ጤነኛ ጊዜ ሰጣቸው ማለት ነው።

ይኸው ጥናት ሌላም ነገር ይናገራል፤ ለተራመዱትም ቢሆን ለብዙዎቹ ሕመሙ ተመልሷል። ስለዚህ ለመመለሻው ቀን አስቀድሞ መዘጋጀት ከመደንገጥ ያድናል። ወገብ እንደገና በተያዘ ቀን ማጠንከሪያው ይቅርና ባቶችን ወንበር ላይ አሳርፎ መተንፈሱ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይደረግ፤ በመካከሉ ቤት ውስጥም ቢሆን አምስት አምስት ደቂቃ መራመድ ይቀጥል። መቀመጥ ካስቸገረ ከግማሽ ሰዓት በላይ በአንድ ቦታ አይቆዩ። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ሲበርድ፣ ዳሌ ማንሣቱን ቀድሞ ከሚሠሩት በግማሽ ቁጥር ይጀምሩት፤ ማግስቱ ጠዋት ከባሰ ይቀንሱ፣ ካልባሰ በሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞው ቁጥር ይመለሱ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ምንም ለውጥ ከሌለ ወይም ሕመሙ ወደ እግር እየወረደ ከሄደ የሚሠሩትን የሚያይ ፊዚዮቴራፒስት ይፈልጉ፤ አንዳንዴ የሚያስፈልገው አዲስ እንቅስቃሴ ሳይሆን የዳሌ ከፍታን በሁለት ጣት መቀነስ ብቻ ይሆናል።